የሕንድ የኢንጂነሪንግ መግቢያ ፈተና፦ ስንት ጊዜ መፈተን ይቻላል? ማንስ ይፈቀድለታል?

አንዲት ተማሪ እናስብ። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን በ2023 እንደምንም ተፈተነች። ብዙም ሳይቆይ ታመመችና በዚያ ዓመት የኢንጂነሪንግ መግቢያውን ፈተና ሳትወስድ ቀረች። በ2024 ድና፣ አጥንታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነች፤ ውጤቱ ግን የምትመኘውን ተቋም የሚያስገባ አልሆነም። «ደንቡ ሁለት ጊዜ ይፈቅዳል፤ እኔ የተጠቀምኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዕድል ይቀረኛል» አለችና ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዘግታ አጠናች። በ2025 ልትመዘገብ ስትሄድ ግን የምትመኘውን ተቋም ለሚያስገባው ሁለተኛ ደረጃ ፈተና («አድቫንስድ» ለሚባለው) ብቁ አይደለሽም ተባለች። ቀረኝ ያለችው ዕድል በ2023፣ በታመመችበት ዓመት፣ አብሮ አልፎ ነበር።

ልጅቷን ለምሳሌ ያመጣኋት ነው። ስህተቱ ግን ማንም አስተዋይ ሰው ሊሠራው የሚችል ነው። ደንቡን የሚያነብ ሰው «ሁለት ጊዜ» የሚለው ላይ ዐይኑ ያርፍና ቀጥሎ ያለውን «በሁለት ተከታታይ ዓመታት» የሚለውን ሳያስተውል ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ከምንም በላይ ማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ በሕንድ የኢንጂነሪንግ መግቢያ ፈተና የሚቆጠረው ተማሪው የተፈተነበት ጊዜ ብዛት ሳይሆን 12ኛ ክፍልን ከተፈተነ ወዲህ ያለፈው ዓመት ነው። ቆጠራው ተማሪው ተዘጋጅቷል ወይ፣ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከ12ኛ ክፍል አንዴ ከጀመረ አይቆምም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የማነሳቸው ዓመታትና ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ደንቦቹንም የምገልጸው ለ2025 ፈተና በወጡበት መልክ ነው።

ሁለት ፈተና፣ ሁለት በር

ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው «ጄኢኢ» የሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን ስለሚጠራ ነው። ስሙ «የጋራ መግቢያ ፈተና» እንደ ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ ፈተናው በሁለት ደረጃ ተከፍሏል። የመጀመሪያው «ጄኢኢ ሜይን» ሲሆን ኤንአይቲ ወደሚባሉት 31 ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ተቋማት፣ ትሪፕል አይቲ ወደሚባሉት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋማትና ወደ ሌሎች በማዕከላዊው መንግሥት ወደሚደገፉ ተቋማት ያስገባል። ሁለተኛው «ጄኢኢ አድቫንስድ» ሲሆን አይአይቲ ወደሚባሉት 23 የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት የሚያስገባው እሱ ነው። አድቫንስድን ለመፈተን መጀመሪያ ሜይንን በጥሩ ውጤት ማለፍ ያስፈልጋል። ሜይን በአንድ በኩል ራሱን የቻለ መግቢያ፣ በሌላ በኩል ለአድቫንስድ ማጣሪያ ነው ማለት ነው።

የፉክክሩን መጠን ለማየት የ2024ን ቁጥር መውሰድ ይበቃል። በዚያ ዓመት ሜይንን የተፈተኑት ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከእነሱ መካከል የአድቫንስድን ሁለቱንም ወረቀቶች የተፈተኑት 180,200፣ ያለፉት 48,248፣ በአይአይቲዎች ውስጥ የነበረው ቦታ ደግሞ 17,740 ብቻ ነበር። ስለ ሙከራ ገደብ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። ቦታው ጥቂት በመሆኑ አንድ ሰው ደግሞ በተፈተነ ቁጥር የሌላው ሰው ዕድል ይነካል።

ሁለቱ በሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የሜይንን ደንብ ለአድቫንስድ፣ የአድቫንስድን ለሜይን ወስዶ መቁጠር ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው።

ሜይን፦ ሦስት ዓመት፣ ስድስት ጊዜ

የሜይን ደንብ ለስለስ ያለ ነው። ተማሪው 12ኛ ክፍልን በፈጸመበት ዓመትና በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት፣ በድምሩ ሦስት ተከታታይ ዓመታት መፈተን ይችላል። ለ2025ቱ ፈተና በ2023 ወይም በ2024 12ኛን ያለፉና በ2025 ሊፈተኑ የተዘጋጁ ሁሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። የዕድሜ ገደብ የለም። ለመፈተን የሚያስፈልግ ዝቅተኛ የ12ኛ ክፍል ውጤትም የለም (ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ)።

ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥር እና በሚያዝያ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ሦስቱ ዓመታት በጠቅላላው ስድስት ጊዜ የመፈተን ዕድል ይሰጣሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም የተፈተነ ተማሪ የሚያዝለት የተሻለው ውጤቱ ነው፤ የከፋው አይቀነስበትም፣ አማካይም አይሠራለትም። በጥር ያልቀናው በሚያዝያ ሊያሻሽል ይችላል፤ በጥር የቀናው በሚያዝያ ቢደክም የሚያጣው ነገር የለም። ለተማሪ ነፍስ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የአንድ ቀን ትኩሳት፣ የአንድ ጠዋት የመንገድ መዘጋጋት የአንድ ዓመት ልፋት እንዳይበላ ያደርጋል።

ውጤቱ የሚነገረው በፐርሰንታይል ስለሆነ እሱንም በአጭሩ ልንካው። ፈተናው በተለያዩ ቀናትና ፈረቃዎች በተለያዩ ጥያቄዎች ስለሚሰጥ ጥሬ ነጥብን ከጥሬ ነጥብ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ፐርሰንታይል 93 ያገኘ ተማሪ 93 ከመቶ መለሰ ማለት አይደለም፤ አብረውት በዚያ ፈረቃ ከተፈተኑት 93 በመቶ የሚሆኑት ውጤታቸው ከእሱ እኩል ወይም በታች ነው ማለት ነው። ፈረቃው ከብዶ ከሆነ ለሁሉም ከብዷል፤ ደረጃው ግን አይጎዳም።

አድቫንስድ፦ አምስት ማጣሪያ

የአድቫንስድ ደንብ ግን ጠንከር ያለ ነው። አምስት መስፈርቶች አሉት፤ አንዱን ያላሟላ አራቱን ማሟላቱ አይረዳውም።

የመጀመሪያው በሜይን ከበላይ 250,000 ተማሪዎች መካከል መገኘት ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ሰልፍ የሚቆጠር አይደለም። ሕንድ በሕገ መንግሥቷና በሕጎቿ ለተገፉ የኅብረተሰብ ክፍሎች ድርሻ ትይዛለች፦ 27 በመቶው «ሌሎች ኋላ ቀር መደቦች» ለሚባሉት፣ 15 በመቶው ለ«ስኬጁልድ ካስት» (በሕግ ተለይተው ለተመዘገቡ የተገፉ ካስቶች)፣ 7.5 በመቶው ለ«ስኬጁልድ ትራይብ» (እንዲሁ ለተመዘገቡ ጎሳዎች)፣ 10 በመቶው ከአጠቃላዩ ወገን ሆነው በኢኮኖሚ ደካማ ለሆኑት፣ የቀረው 40.5 በመቶ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። በእያንዳንዱ ድርሻ ውስጥ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ይጠበቃል። 250,000ው በዚህ ሲከፋፈል ክፍት የሆነው ድርሻ 101,250 ይሆናል፤ ለስኬጁልድ ትራይብ የሚደርሰው ደግሞ 18,750 ነው። የማለፊያው ነጥብም እንደ ድርሻው ይለያያል። በ2024 ለአጠቃላዩ ወገን ፐርሰንታይል 93.2 ገደማ ነበር፤ ለስኬጁልድ ትራይብ 46.7 ገደማ። ስለዚህ «ስንት ማምጣት አለብኝ?» ለሚል ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ የጠያቂው ወገንና የዓመቱ ፉክክር መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ለ2025 ፈተና ተማሪው ጥቅምት 1 ቀን 2000 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ መሆን ነበረበት። ለስኬጁልድ ካስት፣ ለስኬጁልድ ትራይብና ለአካል ጉዳተኞች አምስት ዓመት ይጨመርላቸዋል። በተግባር ይህ ብዙ ሰው አያግድም፤ ከሚቀጥሉት ሁለት ማጣሪያዎች አምልጦ ዕድሜ ላይ የሚያዝ ተማሪ እምብዛም አይገኝም።

ሦስተኛው በሁለት ተከታታይ ዓመታት ቢበዛ ሁለት ጊዜ የሚለው ነው። አራተኛው ደግሞ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ የሆነው ነው፦ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በዚያው ዓመት ወይም ባለፈው ዓመት መሆን አለበት። ለ2025 አድቫንስድ ይህ ማለት 2024 ወይም 2025 ነው። በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነ ሰው፣ አድቫንስድን አንድም ቀን ነክቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ አይፈቀድለትም።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሦስተኛው ብቻውን ብዙም ሥራ እንደሌለው ትረዳላችሁ። የፈተናውን ዕድል በእርግጥ የሚዘጋው አራተኛው ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ከተሰጠህና ፈተናው በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ ከሁለት ጊዜ በላይ መፈተን ቀድሞውንም አትችልም። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን ሦስተኛውን ነው፤ «ሁለት ሙከራ» የሚለው አጭርና ለአፍ የሚመች ስለሆነ። ያቺ ተማሪ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። አእምሮዋ ውስጥ ሁለት የመግቢያ ትኬት ነበራት፤ አንዱን ተጠቅማ ሌላውን በኪሷ ያስቀመጠች መስሏት ነበር። እውነቱ ግን የሁለት ዓመት የጊዜ ገደብ ነበር፤ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» የምትለው ቃል ላይም ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ነጥባቸውን ለማሻሻል ፈተናውን ደግመው ይወስዳሉ፤ የሕንድ የትምህርት ቦርዶች ይህን ይፈቅዳሉ። አዲሱ የነጥብ ወረቀት አዲስ ዓመት ይይዛል። ተማሪውም «እንግዲህ 12ኛን የጨረስኩት ዘንድሮ ነው» ሊል ይችላል። አድቫንስድ ግን የሚያየው መጀመሪያ የተቀመጠበትን ዓመት ነው። ድጋሚው ነጥብን ያድሳል እንጂ ዓመትን አያድስም። ከዚህ የከበደም አለ። አንድ ልጅ 12ኛን በ2023 ሲፈተን የመረጠው ባዮሎጂን ነበር እንበል፤ ሒሳብ አልነበረበትም። በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በ2025 ሒሳብን ጨምሮ ተፈተነ። ደንቡ የመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ዓይነቶች ምንም ይሁኑ ምን ቆጠራው ከዚያ ነው ስለሚል ለአድቫንስድ ጊዜው አልፎበታል። በ17 ዓመቱ ሐሳቡን ለቀየረ ልጅ ይህ ከባድ ቅጣት ይመስለኛል።

አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ለይቶ መጥቀስ ይገባል፦ የአንዳንድ ቦርዶች ውጤት በጣም ዘግይቶ፣ የዓመቱ ምደባ ከተጀመረ በኋላ የወጣ እንደሆነ፣ የእነዚያ ተማሪዎች ዓመት እንደ ቀጣዩ ዓመት ይታይላቸዋል። መዘግየቱ የተማሪው ጥፋት ስላልሆነ ፍትሐዊ ነው።

አንዴ የገባ አይመለስም

አምስተኛው ማጣሪያ ከዚህ በፊት አይአይቲ የገባን ሰው ይመለከታል። በአንድ አይአይቲ ቦታ ተሰጥቶት ተቀብሎ የገባ ተማሪ፣ ትምህርቱን ቢቀጥልም ቢያቋርጥም፣ አድቫንስድን ደግሞ መፈተን አይችልም። «ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፤ ልግባና በሚቀጥለው ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ለማግኘት ልሞክር» ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ተማሪው መቼ «ገባ» እንደሚባል ነው። ምደባው የሚካሄደው ጆሳ በሚባለው የጋራ ምደባ ሥርዓት ሲሆን በብዙ ዙሮች ነው። ቦታ ተመድቦለት ሪፖርት ያላደረገ፣ ወይም ከመጨረሻው ዙር በፊት በሥርዓቱ ቦታውን የተወ፣ አልገባም ይባላልና በቀጣዩ ዓመት የመፈተን መብቱ አለ (የዓመት ገደቡ ካላለፈበት ማለት ነው)። የመጨረሻው ዙር ካለፈ በኋላ የተወ ግን አበቃ። ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ግን አንድ ሙሉ ዓመት ይወሰናል። ተማሪው ቦታውን ልያዘው ወይስ ልተወው እያለ ሲያመነታ ቀኑን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት ብዬ ከልቤ እመክራለሁ።

ኤንአይቲ ወይም ሌላ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ግን በዚህ ማጣሪያ አይያዝም። ኮሌጁ ውስጥ እየተማረ አድቫንስድን ለሁለተኛ ጊዜ መሞከር ይችላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል።

75 ከመቶ፦ የመፈተን ሳይሆን የመግባት ደንብ

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ዓረፍተ ነገር ይኸው። ሜይንን ለመፈተን ዝቅተኛ የ12ኛ ክፍል ነጥብ አያስፈልግም። ለመግባት ግን ያስፈልጋል። በኤንአይቲዎችም ሆነ በአይአይቲዎች ቦታ የሚሰጠው ተማሪ በ12ኛ ክፍል ፈተና በድምሩ ቢያንስ 75 ከመቶ ማምጣት፣ ወይም ደግሞ በራሱ የትምህርት ቦርድ ካለፉት ተማሪዎች መካከል ከላይኛው 20 ፐርሰንታይል ውስጥ መገኘት አለበት። ለስኬጁልድ ካስትና ለስኬጁልድ ትራይብ 65 ከመቶ ነው።

«ወይም» የምትለዋ ትንሽ ቃል ስንት ተማሪ ታድናለች! ሕንድ ውስጥ ማዕከላዊው ቦርድ አለ፤ በየክልሉም የየራሱ ቦርድ አለ፤ አንዱ ነጥብ ይለግሳል፣ ሌላው ይሰስታል። በሚሰስት ቦርድ 72 ያመጣ ልጅ ከቦርዱ ምርጦች አንዱ ሊሆን ይችላል። የ20 ፐርሰንታይሉ መንገድ የተከፈተው ለእሱ ነው። ስለዚህ 75 አልሞላም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ የቦርዱን የዚያን ዓመት የፐርሰንታይል መነሻ ሳያይ ምንም መወሰን የለበትም።

ደንቡ ለምን መጣ? ተማሪው ትምህርት ቤቱን ጥሎ ወደ ማሠልጠኛ ብቻ እንዳይሮጥ ነው። በሕንድ «ዳሚ ስኩል» የሚባል ነገር አለ፤ ልጁ በወረቀት ላይ ተማሪ ሆኖ ይመዘገባል፣ ክፍል ውስጥ ግን አይታይም፤ ቀኑን ሙሉ ያለው ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ነው። 75 ከመቶው ለትምህርት ቤቱ ፈተና ዋጋ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። በኮቪድ ምክንያት ፈተናዎች በተሰረዙባቸውና በተዛቡባቸው በ2020፣ በ2021 እና በ2022 ምደባዎች መስፈርቱ ተነሥቶ ነበር፤ በ2023 ተመልሷል። በሦስቱ ዓመታት የለመዱ አንዳንድ ቤተሰቦች መመለሱን ዘግይተው ሲሰሙ መደናገጣቸው አይገርምም።

እነዚያው የኮቪድ ዓመታት ሌላም ነገር አሳይተዋል፦ ደንቡ ሲፈለግ መታጠፍ እንደሚችል። በ2021 ሜይን በዓመት አራት ጊዜ ተሰጠ። በ2020 ለአድቫንስድ ተመዝግበው መቅረት ግድ ለሆነባቸው ተማሪዎችም በ2021 እንዲፈተኑ ተፈቀደ። የዓመቱ ቆጠራ ሊቆም የሚችል እንደሆነ ያየነው ያኔ ነው፤ አገር ሁሉ ሲታመም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትታመም ግን አይቆምም።

አሥራ ሦስት ቀን

በኅዳር 2024 የሆነውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ደንብ በወረቀት ላይና ደንብ በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ስለሆነ።

በኅዳር 5 ቀን 2024 የአይአይቲዎች የጋራ ቅበላ ቦርድ ለ2025 አድቫንስድ ሁለት የነበረው ሙከራ ሦስት፣ ሁለት የነበረው ዓመትም ሦስት እንዲሆን መፈቀዱን አስታወቀ። በ2023 12ኛን ለጨረሱ ይህ የተዘጋ በር ሲከፈት ማየት ነበር። ብዙዎቹ ያኔ ሌላ ኮሌጅ ገብተው መማር ጀምረዋል። አንዳንዶቹ ማስታወቂያውን አምነው ኮሌጃቸውን አቋረጡ፣ ለፈተናው ተቀመጡ፤ ቤተሰብ ገንዘብ አወጣ። በኅዳር 18 ቀን ቦርዱ ሐሳቡን ቀየረ፤ ወደ ቀድሞው ሁለት ሙከራ ተመለሰ። በመካከሉ ያለው አሥራ ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ተማሪዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥር 10 ቀን 2025 ዳኞች ጋቫይና ማሲህ የተሰየሙበት ችሎት ከኅዳር 5 እስከ 18 ባሉት ቀናት ማስታወቂያውን አምነው ከኮሌጅ የወጡ ተማሪዎች እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ይሻላል ወይስ ሦስት የሚለው ውስጥ አልገባም። ነጥቡ ሌላ ነበር፦ መንግሥታዊ አካል የሰጠውን ቃል አምኖ የማይመለስ እርምጃ የወሰደ ሰው ቃሉ ሲታጠፍ ብቻውን መጎዳት የለበትም። ውሳኔው ግን ሁሉንም አልሸፈነም። ማስታወቂያውን ሰምቶ ልቡ የተንጠለጠለ፣ ነገር ግን ኮሌጁን ለመልቀቅ የዘገየ ወይም የፈራ ልጅ በዚያ ውሳኔ አልተጠቀመም። ጥንቁቁ ቀረ፤ ደፋሩ ተፈቀደለት። ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ እንዲያስፈልግ ያደረገው አሠራር ግን ትክክል አልነበረም። ስለ ተማሪ ሕይወት የሚወጣ ደንብ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ታውቆ ሳይነካ መቆየት አለበት።

ገደቡ ማንን ይጠቅማል?

12ኛን ጨርሶ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ለዚህ ፈተና ብቻ ቁጭ ብሎ የሚያጠና ተማሪ በሕንድ «ድሮፐር» ይባላል። ለገደቡ የሚሟገቱ ሰዎች ዋና ነጥባቸው ድሮፐሩ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ተዘጋጅቶ የመጣ የ21 ዓመት ወጣት ገና ከትምህርት ቤት ከወጣ የ17 ዓመት ልጅ ጋር መወዳደሩ ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ። ሌላው ነጥብ የተማሪው የራሱ ሕይወት ነው። በራጃስታን ክልል ያለችው ኮታ የምትባል ከተማ (በአማርኛ ድርሻ ከምንለው ኮታ ጋር ስሟ መግጠሙ አጋጣሚ ነው) በማሠልጠኛ ተቋማት ትታወቃለች። ከመላ አገሪቱ ልጆች ከቤተሰብ ተለይተው በጠባብ ክፍሎች ይከራያሉ፣ ቀንና ሌሊት ያጠናሉ። ከዚያች ከተማ ራሳቸውን ያጠፉ ተማሪዎች ዜና በተደጋጋሚ ተሰምቷል። መንግሥትም በጥር 2024 ማሠልጠኛዎች ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን እንዳይመዘግቡ መመሪያ አወጣ። ገደቡ ለአንዳንዱ ልጅ «ይበቃሃል፣ ወደ ሌላ ሕይወት ሂድ» የሚል ፈቃድ ነው። ለራሱ ይህን ማለት ላልቻለ ልጅ፣ ወላጁም ላላለለት፣ ደንቡ ቢለው አይከፋም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የገደቡ ቆጠራ አንድ ወገን ብቻ እንደሚያይ መናገር አለብኝ። የሚቆጠረው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለው ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ማንም አይቆጥርም። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጁን ከ8ኛ ክፍል፣ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ለዚሁ ፈተና ማሠልጠን ያስጀምረዋል። ያ ልጅ 12ኛን ሲጨርስ የአምስት ዓመት ዝግጅት ይዞ «አዲስ ተፈታኝ» ይባላል። በገጠር ትምህርት ቤት የተማረና ፈተናው መኖሩን 11ኛ ክፍል ሆኖ የሰማ ልጅ ደግሞ ዝግጅቱን በእውነት የሚጀምረው 12ኛን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ቆጠራው የሚይዘውም እሱን ነው። ገደብ ይኑር የሚሉት ልክ ናቸው፤ ገደቡ ሁሉንም እኩል ያደርጋል የሚሉት ግን አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ሌሎች አገሮች በተቃራኒው ሄደዋል። በቻይና ጋኦካኦ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ የነበረው የ25 ዓመት የዕድሜ ጣሪያና ያገባ ሰው እንዳይፈተን የሚከለክለው ደንብ በ2001 ተነሥቷል። ሕንድ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ተቋም ነጥብን እንደ አይአይቲ አይቆጥርም። ቢትስ ፒላኒ የሚባለው የግል ተቋም የራሱን ፈተና ይሰጣል፤ የሚቀበለው በዚያው ዓመት ወይም ባለፈው ዓመት 12ኛን ያለፉትን ሲሆን በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በሒሳብ ድምር 75 ከመቶ፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 60 ይጠይቃል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ አይአይቲ የሚያየው የአጠቃላዩን ድምር ነው፤ ይህኛው የሦስቱን ትምህርቶች ነው። በአንዱ ያለፈ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ከሕንድ ውጭ የሚማር የውጭ አገር ዜጋስ?

ይህ ለእኛ አንባቢዎች ቀረብ ያለ ጥያቄ ነው። ከሕንድ ውጭ 12ኛ ክፍልን ወይም አቻውን የሚማር የውጭ አገር ዜጋ ሜይንን ሳይፈተን በቀጥታ ለአድቫንስድ መመዝገብ ይችላል። የሚሰጠው ቦታ ከሕንዳውያኑ ላይ የሚቀነስ አይደለም፤ በተጨማሪነት የሚያዝ ሲሆን በእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከጠቅላላው ቦታ 10 በመቶ አይበልጥም። የድርሻ ሥርዓቱ እሱን አይመለከተውም። በ2019 አድቫንስድ ከሕንድ ውጭ ከተሰጠባቸው ከተሞች መካከል ከዱባይ፣ ከካትማንዱ፣ ከዳካ፣ ከኮሎምቦና ከሲንጋፖር ጋር አዲስ አበባ አንዷ ነበረች።

የውጭ አገር ዜጋው ከመጀመሪያው ማጣሪያ ነፃ ቢሆንም ከሌሎቹ አራቱ ነፃ አይደለም። ዕድሜው ይታያል። ሁለት ሙከራው ይቆጠራል። 12ኛን መጀመሪያ የተፈተነበት ዓመትም እንዲሁ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ይህን ዓመት ሲያሰላ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጨመር አለበት፤ ሰባት ይሁን ስምንት የሚወሰነው ፈተናውን በየትኛው ወር እንደተፈተነ ነው። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ባሉት ወራት የተፈተነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ የተፈተነ ስምንት ይጨምራል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ የተፈተነ ተማሪ ዓመቱ በፈረንጆቹ 2024 ነው፤ ለአድቫንስድ የተፈቀዱለትም 2024 እና 2025 ነበሩ። የ2024ቱ አድቫንስድ የተሰጠው በፈረንጆቹ ግንቦት 26 ነበርና እሱ የሐምሌ ፈተናውን ሳይፈተን፣ ውጤቱንም ሳያይ፣ ከሁለቱ ዓመታት አንዱ አልፎበታል። በእጁ የቀረው 2025 ብቻ ነበር።